ጥላሸት የሸፈነው የእናቴ ሥዕል

ነገሩ የሆነው በሚሌኒየሙ ዋዜማ ነው። የሐረር ሰው ለበዓሉ ቤቱን ቀለም ሲቀባ፣ እኔ የእናቴን ሥዕል ላጥብ ተነሳሁ። ያን ቀን ያየሁት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

እናቴ ያረፈችው እኔን በወለደች በሳምንቱ ነው። ፎቶ አልተረፈላትም። ያለችን አንዲት የዘይት ቀለም ሥዕል ብቻ ናት፤ አባቴ ሐረር ተመድቦ ሲያስተምር የሥዕል መምህር ባልደረባው ለሠርጋቸው የሳለላቸው። ነፍስ ሳውቅ የኩራዝ ጥላሸት ለብሳ ፊቷ አይለይም ነበር። አባቴ "እንዳትነኪያት" ስለሚል፣ የደፈርኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። እናቱን የሚያውቅ ሰው ይህ ናፍቆት አይገባውም።

ጨርቅ በሳሙና ውሃ ነክሬ ስጠጋ እናቴን የሚያውቋት ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ደረሱ።

"ወላሂ እንዳትነኪያት! የወጥ ድስት መሰለችሽ?" ብለው እጄን ያዙ።

እሳቸው ቤት ሮማን የምትባል ተከራይ ነበረች፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ልታድስ ከአዲስ አበባ የመጣች። እሷን ጠሩልኝ።

"ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ቀለሙን ከሸራው ያስለቅቀዋል" አለችና ጨርቁን ቀማችኝ። ከዚያ ቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልላ፣ በምራቋ አርጥባ፣ ከጥግ ጀመረች። ምራቅ! ሳቄ መጣ። ጥጡ ግን ጠቁሮ ተነሳ፤ ከሥሩ ሰማያዊ ቀለም ታየ። ቀለሙ አለመልቀቁን እያየች፣ ጥጥ እየቀየረች ወደ እናቴ ፊት ቀረበች። ግንባሯ ወጣ፣ ዓይኗ፣ ጉንጯ። አለቀስኩ።

ከአፍንጫዋ በታች ስትደርስ ቆመች። አፍ የለም፤ ባዶ ሸራ ነው።

"እዚህ ቦታ ብቻ ሰው ሲነካካው ኖሯል። ማነው?" አለችኝ።

አባቴ ነዋ። ከሥራ ሲገባ ጣቱን ሥዕሉ ላይ አሳርፎ፣ መልሶ ጣቱን ይስም ነበር። ከንፈሩ በጥላሸት ይጠቁራል። ልጅ ሆኜ የሚጸልይ ይመስለኝ ነበር።

"ምን ችግር አለው? አፏ እኮ ያንቺው ነው። አንቺን አይታ ትሙላው" አሉ አዴ ፋጡማ።

ሮማንም ካስፈለገ ሊነሳ በሚችል ቀለም ልትሞላው ተስማማች። ዕድሜ ልኬን የተመኘሁት ይህንኑ ነበር። ብሩሹን ስታነሳ ግን "ይቅር" አልኳት። አባቴ ሲስም ኖሮ የጨረሰው ቦታ ላይ ሌላ እጅ እንዲያርፍበት አልወደድኩም።

እንግዳ በመጣ ቁጥር "ምነው ሳይጨርሱት ተዉት?" ይለኛል። ሁለቱም ይናፍቁኛል። የእናቴን አፍ ማየት ዛሬም ያምረኛል፤ ሲብስብኝ መስታወት ፊት ቆሜ እስቃለሁ።