ሩሯ ከአቧራው ስትወጣ

ልጅ ሳለሁ የአዳማ ነፋስ ሰው የሚመርጥ ይመስለኝ ነበር። ይህን እንዳምን ያደረጉኝ ጋሽ ገመቹ ናቸው። ጋሽ ገመቹ ከቤታችን አጠገብ የፈረስ ጋሪ የሚሠሩ፣ አንድ እግራቸው አልታጠፍ ያለ ሽማግሌ ነበሩ። ታኅሣሥ ሲገባ ጋሪውን ይተዉና የገና ዱላ ማጉበጥ ይጀምራሉ። እርጥብ የወይራ እንጨት ፍም ውስጥ ከተው ያገላብጡታል፤ ጫፉ አረፋ ማውጣት ሲጀምር አንስተው በሁለት ድንጋይ መሀል ይይዙትና ቀስ እያሉ ያጎብጡታል፤ ከዚያ እንዳይመለስ በገመድ ያስሩታል። ያኔ እኛ የሰፈሩ ልጆች አመሻሽ ላይ ፍሙን ከበን እንቀመጣለን። መብራት የጠፋ ቀን ፋኖሳቸውን ጋሪው ላይ ያንጠለጥሉታል። የወይራው ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ልብሳችን ውስጥ ገብቶ እስከ ማግስቱ ትምህርት ቤት ድረስ እየተከተለን፣ ስለ ገና መቺዎች ያወሩልናል።

የሌላ ሰፈር ልጆች ስለ ጅብና ስለ ዝንጀሮ ይሰሙ ይሆናል። እኛ የምንሰማው ሩሯን፣ ያቺን ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል፣ በዱላ መትተው ሰማይ ስላደረሷት ሰዎች ነበር። አንዱ መትቷት ከሐዲዱ በላይ በርራ የዕቃ ባቡር ላይ ወደቀች፤ ድሬዳዋ ስትደርስም መሽከርከሯን አላቆመችም። «ድሬዳዋ ድረስ ሄደው አዩ?» ብሎ አንድ ልጅ ሲጠይቃቸው ጋሽ ገመቹ አልተናደዱም። «ባቡሩ ላይ ስትወድቅ አይቻለሁ። የቀረውን የባቡሩ ሰዎች ነገሩኝ። እኔ ያላየሁትን አይቻለሁ አልልም፤ ዱጋ፣ እውነቴን ነው» አሉ። በዚህ ነገር በጣም ይኮሩ ነበር። ባየሁት እምላለሁ፣ ያላየሁትን ግን አልጨምርም ይላሉ።

ከሁሉም የምንወደው የቦጋለን ታሪክ ነው። ቦጋለ ተረት አልነበረም፤ ከሞጆ ዕቃ የሚጭን፣ ደረተ ሰፊ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በየዓመቱም ገና ሲደርስ ለእኛ ሰፈር ይጫወታል። ታሪኩ ሁልጊዜ የሚያልቀው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ የእኛ ሰዎች ተስፋ ሲቆርጡ፣ ጋሽ ገመቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና «ታዲያ ሩሯ ከአቧራው ውስጥ ብቅ አለች» ይላሉ። ከዚያ ቦጋለ ይመታታል። ከዚያ ሰው ይነሣል፣ ቦጋለን በትከሻ ይሸከሙታል፣ በስሙ ይዘፈናል።

ነፋሱ የቦጋለ ወዳጅ የመሰለኝ በዚህ የተነሣ ነው። አቧራው ራሱ ሩሯን ይዞ መጥቶ እግሩ ሥር የሚያስቀምጥለት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ መሆኑን ሜዳውን ያየ ሰው ያውቃል። ገና የሚጫወቱበት ከሐዲዱ ማዶ ያለው ገላጣ ሜዳ በዚያ ወቅት ነፋሱ አንዱን ጎኑን ይዞ ሲጠርገው ይውላል፤ ሃምሳ ሰው የሚረግጠው አፈር ሁሉ ተነሥቶ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። ስለዚህ ተመልካቹ በሙሉ ንጹሑን ጎን ይዞ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ይቆማል። በአቧራው በኩል የሚቆም የለም። በዚያ በኩል ማን እንደሚጫወት፣ ማን እንደሚመታ፣ ማን እንደሚወድቅ አይታይም። ከዚያ የሚታየው ነገር ቢኖር ሩሯ ስትወጣ ብቻ ነው።

አባቴም ለሰፈሩ ይጫወታል። ይህን አውቃለሁ፤ ግን ማንም ስለማያወራው እኔም አላወራውም ነበር። ሞገስ ይባላል። ሞጆ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ይሠራል፤ ጠዋት በሚኒባስ ይሄድና አመሻሽ ላይ የቆዳውን ሽታ ይዞ ይመለሳል። በሳሙና ቢታሽ የማይለቅ ሽታ ነበር። እኛ ፍሙን ከበን ስንሰማ እሱ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ እንዳላየ ሰው ፍሙን አተኩሬ እመለከታለሁ። እሱ ለጋሽ ገመቹ «አካም ኦልተኒ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ለእኔ ደግሞ «እራት እንዳትረሺ» ብሎ ያልፋል። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

አንድ የገና ዕለት፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አባቴ የፊቱን ፎጣ ረስቶ ወጣ። እናቴ ሮጠሽ አድርሺለት አለችኝ። ሜዳው ስደርስ ጨዋታው ተጀምሯል፤ ሰው እንደ ልማዱ ንጹሑን ጎን ሞልቶታል። አባቴን ፈልጌ አጣሁት። ዞሬ ወደ አቧራው ጎን ሄድኩ። ከመሀሉ አንድ ነጭ ሰው ወጣ፤ ቅንድቡ፣ ጢሙ፣ ጆሮው ሳይቀር አፈር ለብሷል። አባቴ መሆኑን ያወቅኩት ሲያስል ነው። ፎጣውን ከእጄ ተቀብሎ አፉና አፍንጫው ላይ አሰረ።

«ወደ ሰው ሂጂ» አለኝ። «እዚህ አቧራው ይጎዳሻል።»

«አንተስ ለምን እዚህ ትጫወታለህ?»

«ሌላው አይፈልገውማ» አለና ተመልሶ ገባ።

እኔ ግን አልሄድኩም። አንድ ግራር ሥር ተጠግቼ በጣቶቼ መሀል ማየት ጀመርኩ። አቧራው ካልራቁት ያን ያህል አይጋርድም፤ የሚጋርደው ማዶ ለቆመ ሰው ነው። ሩሯ መጣች። ሦስት የወዲያ ሰፈር ሰዎች አባቴን ከበቡት፣ ዱላው ሁሉ ቅልጥሙ ላይ አረፈ። እሱ ዱላውን አላነሣም፤ እነሱ እስኪያነሡ ጠበቀ። ሲያነሡ ከመሀላቸው ሩሯን ስቦ አወጣትና ቀና ብሎ እንኳን ሳያይ መታት። ወደ ሰማይ አይደለም። በምድር፣ ዝቅ አድርጎ፣ በዚያ ሁሉ እግር መሀል አሳልፎ። እንደዚያ ያለ አመታት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ከአቧራው ወጥታ ልክ ቦጋለ ዱላውን በሰቀለበት ቦታ ነጠር አለች። ቦጋለ የቀረውን ጨረሰ።

ማዶ ያለው ሰው ጮኸ። እልልታው መጣ። ቦጋለን ሲያነሡት፣ ስሙን ሲጠሩት ሰማሁ፤ እግሬም ተነሣ። ለምን እንደሮጥኩ ዛሬም በቅጡ መናገር አልችልም። ደስታው እዚያ ነበር፣ ዘፈኑ እዚያ ነበር፣ ልጆቹ ሁሉ እዚያ ነበሩ። ወደዚያ ስሮጥ በአባቴ አጠገብ አለፍኩ። ፎጣውን ከአፉ አውርዶ ያስል ነበር። ቀና ሲል አየኝ፤ ወደ እሱ የመጣሁ መስሎት ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። እጁን እያየሁት አልፌው ሮጥኩ።

ያን ዕለት ማታ እግሩን በሞቀ የጨው ውኃ እየታጠበ «አየሽ?» አለኝ።

«አየሁ። ቦጋለ እንዴት መታት!»

«ጥሩ መታት» አለ፤ ቅልጥሙን ማበስ ቀጠለ።

በማግስቱ ጋሽ ገመቹ ያንኑ ጨዋታ ተረኩልን። ሩሯ ከአቧራው ውስጥ ብቅ አለች። አፌን ከፈትኩ። የምናገረው ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ ሦስቱ ሰዎች፣ ያነሡት ዱላ፣ ዝቅ ብላ ያለፈችው ሩር። ልጆቹን አየኋቸው፤ አባቷ ስለሆነ ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አፍንጫቸውን ሲይዙም ታየኝ። ተረቱ ደግሞ እንደነበረው ያምር ነበር። አፌን ዘጋሁ። ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያለቀስኩ ስመስል ጋሽ ገመቹ «ተጠጊ ወዲህ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» ብለው ወደ ራሳቸው ሳቡኝ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ተጫውቷል። እኔም በየዓመቱ ንጹሑን ጎን ይዤ አይቻለሁ። ማየቴን ነገ እነግረዋለሁ ስል፣ ትምህርት መጣ፣ ትዳር መጣ፣ እሱም ሳሉ ባሰበት። አምና አረፈ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጋሽ ገመቹ በገና ዱላ ተደግፈው መጡ፤ በጣም አርጅተዋል። ሰው ከሐዘኑ ትንሽ ዘወር እንዲል ስለ ድሮ ገና ማውራት ጀመሩ። ያንኑ ዓመት፣ ያንኑ ቦጋለን። ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ የሚመጣውን አውቄ አንገቴን ደፋሁ።

«ታዲያ ሩሯ ከአቧራው ውስጥ ብቅ አለች...»

«ብቅ አላለችም፣ ጋሽ ገመቹ» አልኩ። «ተመትታ ነው የወጣችው። አባዬ ነው የመታት። ሦስት ሰው ከብቦት፣ በእግራቸው መሀል። እኔ አይቻለሁ።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«እኔ ማዶ ነበርኩ፤ ያየሁትን ነው ያወራሁት» አሉ። «አንቺ አይተሽ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

ትልልቅ መቺዎች የሚረሱት የሚያያቸው ሰው ስለሌለ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ለሌላው እውነት ሊሆን ይችላል። አባቴን ግን ያየው ሰው ነበር። አይቶት፣ እጁን ሲዘረጋለት እያየ፣ ወደ ዘፈኑ ሮጠ።

ሜዳው ላይ ዛሬ መጋዘን ተሠርቶበታል። ነፋሱ ግን እንዳለ ነው። በታኅሣሥ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ሲነሣ ሰው ሁሉ ጀርባውን ይሰጠዋል፣ ባጃጆቹ እንኳን መጋረጃቸውን ይጥላሉ። እኔ ፊቴን አዞርለታለሁ። ዓይኔ አፈር እስኪሞላ እያየሁ እቆማለሁ።