የአባ ፉጨት ንስር

አስጎብኚውን ሰፈሩ ሁሉ «አባ ፉጨት» ይለዋል። ሰው ወደማይኖርባት ሩቅ ደሴት እንግዶችን በጀልባ ይወስዳል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ጠዋት ውሃው ዳር ቆሞ ያፏጫል። ንስሩ ከዛፉ ተነስቶ ይመጣል፤ እንግዶቹም እጃቸውን በአፋቸው ይጭናሉ። እውነቱን የሚያውቁት እሱና ንስሩ ናቸው። ሰው ሳይነቃ ውሃው ዳር ካለው ቋጥኝ ጫፍ ላይ በሲባጎ የታሰረ ዓሣ አስቀምጦ በቅጠል ይሸፍናል፤ ሲያፏጭ ሲባጎውን በእግሩ ይጎትታል፣ ዓሣው ውሃው ላይ ዱብ ይላል። ሁሉም ሰማይ ሰማይ ሲያይ ሲባጎውን ማን ያያል? ንስር እንደሆን የሚሰማው ሆዱን ነው።

ውሸቱ ለእንግዶች ብቻ ቢሆን ባልከበደው። ልጁም አምናው አደገች። ተማሪ ቤት «አባቴ ከንስር ጋር ይነጋገራል» እያለች ስትጣላለት ኖራ፣ ጉልበቱ ሲደክም የቢሮ ሥራዋን ትታ ሙያውን ልትረከብ መጣች። ጀልባውን አስተማራት፣ ፉጨቱንም አስተማራት። ዓሣውን ሊነግራት ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ዓይኗን ያይና ወሬውን ወደ ጀልባው ይመልሰዋል። ለመጀመሪያ ጉዞዋ አብሯት ሄዶ፣ ሲባጎውን በስውር ሊጎትትላት ቆረጠ፤ የሌላውን ጊዜ ያኔ ያስብበታል።

ምን ያደርጋል፣ እንደ እንግዳ ተኝቶ እንደ እንግዳ አረፈደ! ከድንኳኑ ሲወጣ ልጁ እንግዶቹን ዳር አሰልፋ እያፏጨች ነው። ንስሩ ዛፉ ላይ ላባውን ያበጥራል። ደግማ አፏጨች። አንዱ እንግዳ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ፊቷ ቀልቶ ወደሱ መጣች። «አባዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችው በለሆሳስ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «አፍሽ ደርቆ ነው፤ ውሃ ጠጪና ድገሚው» አላት። ጥፋቱን በእሷ ላይ ጣለው ማለት ነው። ከዚያ ለምሳ ከተያዘው ዓሣ አንዱን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ሊሸና እንደሚሄድ ሰው ቋጥኙን ዞረ። ስታፏጭ ወረወረው።

ንስሩ መጣ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ልጁ እንባዋ እየወረደ ወዳለበት ሮጠች። «አወቀኝ አባዬ። ከእንግዲህ አንተ እቤትህ እረፍ፤ ብቻዬን እችለዋለሁ» አለችው። እጁን ልትስም ጎንበስ ስትል ከኋላው ደበቀው። ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

«ተይው፣ ቆሻሻ ነው» አላት።

ስለ ንስሩ እውነት ሲነግራት ይህ የመጀመሪያው ነበር። እሷ ግን ትሕትና መሰላት።