ያጨበጨብኩትን መልሱልኝ

አማቴ ታሚል ናቸው። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ባሌን ያገኘሁት እዚሁ ዳላስ፣ ኮሌጅ እያለን ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ እሳቸው ከደቡብ ሕንድ መጥተው ዳላስ ዳር ማኪኒ ካለው ቤታችን ገቡ፣ በዚያው ቀሩ። ባሌ «አማ» ይላቸዋል፣ እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ነው፣ የእኔ ታሚልኛ ከዚያም ያንሳል፤ ግን ስንጣላም ስንስቅም እንግባባለን።

ማኪኒ መኪና ለማይነዳ ሰው እስር ቤት ነው። እኔ ጠዋት አዲሰን ወዳለው ክሊኒክ እሄዳለሁ፣ ባሌ ኦፊስ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። እማማ ብቻቸውን የጎረቤት ጋራዥ በመስኮት ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ፖስታ አዳዩን በር ላይ አቁመው በታሚልኛ ሲያወሩት አገኘኋቸው። ሰውየው አንድ ቃል አልገባውም፤ ጨዋ ስለሆነ ግን ራሱን ይነቀንቃል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አንጀቴን በሉት።

ያቆያቸው ቅዳሜ ነበር። የዳላስ ታሚሎች ማኅበር ሌዊስቪል በምትባል ጎረቤት ከተማ አዳራሽ አለው፤ በየቅዳሜው የማኅበሩ ቫን እየዞረ እንደ እሳቸው የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የመጡትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ለቅሞ ወደዚያ ይወስዳል። እዚያ ምን ይሠራሉ? ያወራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ምራቶቻቸውን ያማሉ። እኔንም ጨምሮ፣ አውቃለሁ! እማማ ሳሪያቸውን ከዓርብ ጀምረው ይተኩሳሉ። ቅዳሜ ሲመለሱ ድምፃቸው እንኳ ጨምሮ ነው የሚገቡት።

ሶ፣ አንድ ቅዳሜ ቫኑ ቀረ። እማማ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሳሎን ሲጠብቁ ረፈደ። ባሌ የማኅበሩን ሊቀመንበር ኮል አደረገ። መልሱ አጭር ነበር፦ አዳራሹ ቅዳሜ ለልጆች የዳንስ ልምምድ ተሰጥቷል፣ የሽማግሌዎቹ ፕሮግራም ቀርቷል፣ ጠቅላላ ጉባኤው ደግሞ በመኸር በዓሉ ዕለት በጭብጨባ አጽድቆታል።

«አንተ እዚያ አልነበርክም እንዴ?» አልኩት ባሌን።

«ነበርኩ። "የቅዳሜ ፕሮግራም ማስተካከያ" ነው ያሉት፤ እኔ ምን አውቄ» አለ።

ለእናቱ ሲተረጉምላቸው እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔም ያኔ ትዝ አለኝ። በበዓሉ ዕለት ሴቶቹ በሙሉ ኪችን ነበርን፤ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እማማ ቫዳ የሚሉትን ከምስር ሊጥ ይጠብሳሉ። ከአዳራሹ በኩል ጭብጨባው ቀለጠ። የልጆቹ ዳንስ ያለቀ መሰለንና እኛም፣ እጃችን ሊጥ በሊጥ እንደሆነ፣ አጨበጨብን። የልጄ ተራ መስሏቸው ከሁላችንም በላይ ያጨበጨቡት እማማ ነበሩ። ለካ የገዛ ቅዳሜያቸውን ሲያስቀሩ ነው!

ወይ ጉድ! ይህን ነገር እኮ አውቀዋለሁ። በእኛም ስብሰባ «ተቃውሞ አለ? የለም። ጸድቋል!» ይባልና ይጨበጨባል፣ ከዚያ ወደ ምሳ ነው። ግን ራሴ ላይ እስኪደርስ አስቤበት አላውቅም።

እማማ ሳሪ መተኮስ ተዉ። ምግብም ቀነሱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባሌን «ወደ አገሬ መልሰኝ፣ እዚህ ግድግዳ ሆኛለሁ» አሉት። እሱ ጨነቀው፣ ልጆቹ አለቀሱ። እኔ ተናደድኩ። እኔ ስናደድ ደግሞ የሚችለኝ የለም።

ሌዊስቪል አዳራሹ ደጅ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሊቀመንበሩ ጋ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሻይ ቀዳልኝ። «እህቴ፣ ሽማግሌዎቹ በልጆቻቸው ይወከላሉ። አንድ ቤተሰብ አንድ ድምፅ ነው፣ ደንባችን ነው» አለኝ።

«ባሌ እኔን ቲማቲም ሲገዛ እንኳ አይወክለኝም፤ የበሰበሰውን ነው ይዞ የሚመጣው» አልኩት።

ሳቀ። «ማንም አልተቃወመም እኮ» አለ።

«ማን ይቃወማል? ሴቶቹን በሙሉ ኪችን ከታችሁ!»

«ማንም አልከተታችሁም። ሁልጊዜም እንደዚህ ነው።»

እውነቱን ነው፣ ማንም አልከተተንም። እሱ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ።

ቤት ገብቼ ለእማማ የተባለውን ነገርኳቸው። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። «የሚቀጥለው ጉባኤ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የአዲስ ዓመታቸው ዕለት ነው፣ ሚያዝያ ላይ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልካቸው አላረፈም፤ ከእያንዳንዷ አሮጊት ጋር ያወሩ ጀመር። አገሬ መልሱኝ የሚለውም ወሬ ቆመ።

በዓሉ ደረሰ። እንደ ልማዳችን ኪችን ገባን፤ ሩዙ ይንተከተካል፣ ሳምባር የሚሉት የምስር ወጣቸው ተጥዷል። ሊቀመንበሩ በማይክ «ጉባኤው ተጀምሯል» ሲል እማማ ዞር አሉና ምድጃውን ጠረቅ አድርገው አጠፉ። «ኑ» አሉን። ሽርጣችንን እንደታጠቅን ተግተልትለን አዳራሹ ገባን። ወንበር ስላልነበረ ግድግዳውን ይዘን ቆምን። ወንዶቹ ምሳ የደረሰ መስሏቸው ፈገግ አሉ። የምን ምሳ!

እማማ ማይኩን ተቀበሉ። በሕይወታቸው ማይክ ይዘው አያውቁም። ባሌ ከወንበሩ ተነሥቶ አጠገቤ መጥቶ በጆሮዬ ይተረጉምልኛል።

«ባለፈው ኪችን ሆኜ አጨብጭቤላችኋለሁ» አሉ። «ለምን እንደሚጨበጨብ ግን አልነገራችሁኝም። ዛሬ ያጨበጨብኩትን መልሱልኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና ቀጠሉ፦ «ቅዳሜን ስትወስዱብን ከእኛ መካከል ማንን ጠየቃችሁ? አንዷን ንገሩኝና እቀመጣለሁ።»

ሊቀመንበሩ አጠገቡ የተቀመጡትን አየ፣ እነሱ ጣሪያውን አዩ። «በልጆቻችሁ በኩል...» ብሎ ሲጀምር ባሌ ከአጠገቤ ወደፊት ወጣ። የእኔ ዝምተኛ ባል!

«እኔ አጨብጭቤያለሁ» አለ። «ስልኬን እያየሁ ነው ያጨበጨብኩት። እናቴን አልጠየቅኳትም፤ ወክያታለሁ ብል ውሸት ነው።»

እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

ሊቀመንበሩም፣ ሐቅ ለመናገር፣ ቆንጆ ነገር ተናገረ። ከእንግዲህ ጭብጨባ አይበቃም፣ እጅ ይውጣ፣ አዋቂ የሆነ ሁሉ ሴት ወንድ ሽማግሌ ሳይባል ይቆጠር አለ። «ምሳውስ?» አለ አንዱ ከኋላ። «ከዚያ በኋላ!» አሉ ሴቶቹ በአንድ አፍ። እጅ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜያቸውን አገኙ፣ የልጆቹ ልምምድ ወደ እሑድ ዞረ። በዚያው ከማኅበሩ ኮሚቴ አንድ ወንበር የሽማግሌዎቹ ይሁን ተባለና ለወንበሩ እማማ ተመረጡ። አላስቻለኝም፣ «እልልልል!» አልኩ። ወዲያው አፈርኩ፤ ለካ የእነሱም አሮጊቶች እልል ይላሉ! ምላሳቸውን እያወዛወዙ ሲመልሱልኝ እንባዬ መጣ። ሳምባሩ በረዶ ሆኖ ነበር የተበላው፣ ማንንም ቅር አላለውም።

አሁን የቫኑ ኃላፊ እማማ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ጎማው ፈነዳና ቫኑ መንገድ ላይ ቀረ፤ የአዲሰን አሮጊቶች ፀሐይ ላይ ቆመው ቀሩ። ቤት ስልኩ ጮኸ። የአንዲት አሮጊት ቁጣ ሳሎኑን ሞላው፤ ታሚልኛ ባላውቅም ስድብ አይጠፋኝም። እማማ እየተነሡ እየተቀመጡ አስረዱ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ እንደገና አስረዱ። ሲዘጉት ላጽናናቸው ሮጥኩ፤ ፊታቸው በርቶ አገኘሁት። እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙና በዚያች ትንሽ እንግሊዝኛቸው ነገሩኝ።

«ሰደበችኝ! እኔን! "ለምን እንዲህ ሆነ? መልስ ስጪን" አለችኝ። ልጄ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ከእኔ መልስ የጠበቀ ሰው አልነበረም።»