ይርጋ የተረጎመው ፊልም

የእህቴ ልጅ ስልኳን ጆግ ላይ አስደግፋ፣ ሁለቱንም ጆሮዋን ደፍና ፊልም ስታይ ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። አለት ላይ በሰንሰለት የታሰረች ልጅ፣ ከባሕር የሚወጣ ዘንዶ፣ ክንፍ ባለው ነጭ ፈረስ የሚመጣ ጎረምሳ። ዘንዶው ድንጋይ ሆነና ተፈረካከሰ፣ ልጅቷ ተፈታች፣ አለቀ። «ተሳስተዋል» አልኋት ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅዬ፤ «ዘንዶውን በመቀነቷ አስራ ነው ከተማ የምታስገባው።» አክስቴ አበደች በሚል ዓይን አየችኝና ማዳመጫዋን መለሰች። እኔ ግን ይህን ፊልም እሷ ሳትወለድ አይቼዋለሁ። ያየሁት ይመስለኝ ነበር ማለት ይሻላል።

በልጅነቴ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ታንኳቸውን ከሚያስጠጉበት የጣና ዳርቻ ጥቂት ገባ ብሎ አንድ የድሮ የዓሣ መጋዘን ነበረ፤ ባለቤቱ መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፍኖ ቪዲዮ ቤት አደረገው። ዓሣው ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ሽታው አልወጣም፤ ክረምት ሲሆን በዝናብ የበሰበሰ ሹራብ ሽታ ይጨመርበትና እንግዳ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲገባ፣ እኛ የሰፈሩ ልጆች ግን የፊልም ሽታ እንዲህ ነው ብለን አደግን።

ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፊልሙን በአማርኛ የሚነግረን ይርጋ ነበር። እንግሊዝኛ አይችልም። ከአባቴ ዘንድ ዜማ ሲማር ቆይቶ የኮበለለ የቆሎ ተማሪ ስለነበረ፣ ፖሊሱም ሽፍታውም በእሱ አፍ የደብር ሰው ይሆናል። የዚህኛው ፊልም አማልክት ተራራ ላይ ሆነው ሲጨቃጨቁ «አለቃው ተቆጡ፤ ገበዙ ደግሞ ቁልፉን አልሰጥም አሉ» ብሎ ተረጎመልን። ጸጉሯ እባብ የሆነውን ሴት «ዓይኗ ክፉ ነው፣ አትዩዋት» ሲለን ቤቱ ሙሉ አንገቱን ደፋ። ቴሌቪዥን ትቶ መሬት መሬት የሚያይ ተመልካች ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ በሰፈራችን እሳቸው አይሆንም ያሉት አይሆንም። የማኅበር ሴቶች ቤታችን መጥተው «መሪጌታ፣ ልጆቻችን ጣዖት እያዩ ነው፤ ያስዘጉልን» ሲሏቸው ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ቤቱ ቢዘጋ ይርጋ ሌላ እንጀራ የለው፤ አንበሳሜ ያሉት ወላጆቹ ቄስ ይሆንልናል ብለው ስለላኩት ወደዚያም በምን ፊቱ ይመለሳል? እኔም ብሆን ከቤትና ከትምህርት ቤት በቀር የነበረኝ ዓለም ያ መጋዘን ብቻ ነበር። አባቴ «ሳላይ አልፈርድም» ብለው ሸኟቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ገቡ። ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ፤ እኔ ከአንዲት ወፍራም ሴትዮ ጀርባ ተሸሸግሁ። ይርጋ ድምፁ ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ የሚናገርላቸው የለም።

«ምን እያሉ ነው?» አሉ አባቴ።

«እየጸለዩ ነው፣ የኔታ።»

ሰይፍ ተማዝዘው ነበር።

ቀጥሎ ልጅቷ አለቱ ላይ ታሰረች፣ ዘንዶው ከባሕሩ ራሱን ብቅ አደረገ፣ ነጩ ፈረስ ከደመናው ወረደ፤ መብራት ጠፋ። ሰዉ በጨለማው ጫማውን ሲፈልግ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ «ቀጥል እንጂ፤ የቃል ትምህርት መቼ መብራት ፈልጎ ያውቃል?» እውነታቸውን ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ቀን መጽሐፍ ይታያል፣ ሲመሽ ደግሞ ያለ ፋኖስ መምህሩ እየነገረ ተማሪው በቃሉ ይይዛል፤ ይርጋም እንደዚያ ነው የተማረው።

«ልጅቷ… ታስራለች፣ የኔታ።»

«ማን ትባላለች?»

«እንጃ።»

«እንዴት እንጃ ትላለህ? ስንት ዓመት ከሥዕሏ ሥር ቆመህ ዘምረሃል። ብሩታዊት ናት።»

ለካ አባቴ ያዩት የቅዱስ ጊዮርጊስን ታሪክ ነበር፤ በየገዳሙ ግድግዳ የሚታየውን፣ ነጭ ፈረሱን፣ ዘንዶውን፣ ለዘንዶ የተሰጠችውን ልጅ። አንዱ ደፍሮ ስለ ፈረሱ ክንፍ ሲጠይቃቸው «ሠዓሊ መቼም ይጨምራል» አሉ። ከዚያ እሳቸው አንድ ቃል ሲጥሉ ይርጋ እየተቀበለ፣ ሲስት እያረሙት፣ ድምፁም ቀስ በቀስ እየተመለሰ፣ ልጅቷ መቀነቷን ፈትታ ዘንዶውን አንገቱን አስራ እንደ በግ እየጎተተች ከተማ እስክታስገባው ድረስ ሄዱ። ወፍራሟ ሴትዮ አለቀሰች።

በማግስቱ ሴቶቹ ፍርዱን ሊሰሙ ሲመጡ አባቴ «ታሪኩ የእኛው ነው፤ ፈረንጆቹ ጥቂት አበላሽተውታል እንጂ። ይርጋ ያስተካክለዋል» አሏቸው። ቤቱ አልተዘጋም። የተዘጋው ኋላ ነው፣ ሰው ሁሉ የየራሱን ቴሌቪዥንና ስልክ ሲይዝና መምጣቱን ሲተው፣ ማንም ሳይፈርድበት።

አባቴ ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። ይርጋ ጎርጎራ ጀልባ ሲጭን ከሚውልበት ለቀብሩ መጣ፤ ጎልምሷል። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥሁና፣ እንደ ልማዴ ቦታ ሳልመርጥ፣ የፊልሙን መጨረሻ አይቶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አላየሁትም» አለኝ። «ሲዲው የተፋቀ ነበር፤ ሁልጊዜ ነጩ ፈረስ ሲወርድ ይቆማል። ያን ቀን መብራት ባይጠፋ በየኔታ ፊት ምን ልል ነበር? ከዚያ ወዲያ ሲቆም ቴሌቪዥኑን እያጠፋሁ የእሳቸውን መጨረሻ እነግር ነበር።»

የሰፈራችን ልጅ ሁሉ መቀነቱን በዓይኔ አየሁ ብሎ የሚምለው ለዚህ ነው፤ እኔም ምያለሁ። አሁን ፊልም ሁሉ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። የጎደለውን የሚሞላ ሰው አያስፈልግም፤ ስለዚህም የለም።