በሰው ጓሮ የተከልኩት እንሰት

ባለፈው ሳምንት ከልጅ ልጄ ከምሕረት ጋር ቤት ፍለጋ ላይኛውን የአርባ ምንጭ ሰፈር፣ ሴቻን፣ ስንዞር ዋልን። ያከራየቻት ሴትዮ «ቤቱን ለራሴ ፈልጌዋለሁ፣ ልቀቂ» ብላታለች። ለራሷ እንዳልሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የተሻለ የሚከፍል አግኝታ ነው። እኔ ጋ እንዳትገባ፣ የምኖርባት የቀበሌ ክፍል ከአንድ አልጋ ሌላ አታስገባም። እናም ምሕረት ሕፃኗን አዝላ፣ እኔ ከዘራዬን ይዤ፣ ደላላው ከፊት ከፊታችን በስልክ እያወራ፣ ከአንዱ የብረት በር ወደ ሌላው እንሄዳለን። የአርባ ምንጭ ፀሐይ ደግሞ ለአሮጊት አታዝንም።

አንድ አዲስ ግቢ ደረስን። በሩን የከፈተችው ወጣት ሴት ትሑት ናት። «ግቡ እማማ፣ ከፀሐይ ግቡ» አለችኝ። ከዚያ ዓይኗ ምሕረት ጀርባ ላይ አረፈ።

«ልጅ አላት እንዴ?»

«አንድ ብቻ ናት፤ እሷም አታለቅስም» አለ ደላላው።

«ይቅርታ፣ ልጅ ላለው አናከራይም። ግድግዳ ያበላሻሉ።»

ምሕረት የሕፃኗን አንቀልባ አጠበቀች። የእኔ ዓይን ግን ሌላ ነገር አይቶ ነበር። በረንዳው ላይ፣ ነጭ ቀለም በተቀባ በርሜል ውስጥ፣ እንሰት ቆሟል። ለቆጮ አይደለም፣ ለውበት ነው። ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለውት ያብረቀርቃል። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ደከመሽ አያቴ?» አለችኝ ምሕረት።

ደክሞኝስ አልነበረም።

የተወለድኩት ዶርዜ ነው። የዶርዜን ቤት ያላያችሁ ካላችሁ፣ ቀርቀሃ ተሰንጥቆ እንደ ትልቅ ቅርጫት የሚጠለፍ ነው። ምስጥ ሥሩን ሲበላው ማንም ቤቱን ጥሎ አይሄድም። ወንዶቹ ይጠራሉ፣ ከውስጥም ከውጭም ይገቡበትና ቤቱን ከነጣሪያው አንስተው ወደ ደህናው መሬት ይወስዱታል። ልጅ ሆኜ የአጎቴ ቤት በጉም ውስጥ እየተዘፈነለት ሲሄድ አይቻለሁ። እኛ ዘንድ የሚሄደው ቤቱ ነው፣ ሰውዬው ባለበት አለ። ከተማ ስወርድ ነው ተገላቢጦሹን ያየሁት።

የወረድኩት አንጁሎን አግብቼ፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱ ሰሞን ነው። አንጁሎ ሸማኔ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጁ ግን የማይዋሽ። ሸማኔ ደግሞ ከሌላ ተከራይ የሚለይበት ነገር አለ፤ ተቀምጦ እግሩን የሚያወርድበት ጉድጓድ ይፈልጋል። ጉድጓድ ከሌለ ሽመና የለም፣ ሽመና ከሌለ እራት የለም። እና በየበሩ ቆመን «ወለሉን ትንሽ ብንቆፍርስ?» ስንል የሚመለስልን መልስ አንድ ዓይነት ነበር። አንዱ ሰውዬማ «ምነው፣ ቤቴን መቃብር ልታደርጉት ነው?» ብሎ ሚስቱን ጠርቶ አሳቀብን።

የፈቀዱልን እትዬ ዘነበች ናቸው። ከሰሜን የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ አግብተው እዚህ የቀሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ከጓሮ አንዲት የጭቃ ክፍል ነበረቻቸው።

«ቆፍሩ» አሉን። «እግዜር የሰጠውን ሙያ እንዴት እከለክላለሁ? ስትሄዱ ግን ትደፍኑታላችሁ።»

ደግ ነበሩ። በበዓል ከሠሩት ወጥ ሳያካፍሉኝ አይበሉም። ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሄዳለን። አማርኛዬ ያን ጊዜ ገና እንጭጭ ነው፤ አንድ ቀን «እትዬ፣ ና፣ ቡና ፈልቷል» ብላቸው በሳቅ ፈረሱ። «አማረች፣ እኔ ወንድ ነኝ? ደግሞስ እኩያሽ ነኝ?» እስካሁን ሳስበው ያስቀኛል። ቀን ቀን አንጁሎ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አውርዶ መወርወሪያውን ግራ ቀኝ ሲልክ፣ እኔ አጠገቡ ጥጥ ስፈትል፣ ይህች ክፍል የኛ ትመስለኝ ነበር።

ዝናብ ሲጥል እናቴ ከደጋ ወረደች። የምሕረትን እናት አርግዤ ነበርና ልታየኝ ነው። ጀርባዋ ላይ የእንሰት ችግኝ በቅጠል ጠቅልላ ተሸክማለች። ክፍሉን አየች፣ ጉድጓዱን አየች፣ ከዚያ ጓሮውን ዞራ ተመለሰችና ፊቷ ጠቆረ።

«ጓሮው ባዶ ነው» አለችኝ በኛ ቋንቋ። «የምትወልጂው ልጅ ምን ሊበላ ነው?»

አብረን ተከልነው፣ የእቃ ማጠቢያው ውሃ በሚፈስበት በኩል። ማስፈቀድ የሚባል ነገር በሕልማችንም አልመጣም። ሰው ከሚተኛበት ቤት ጀርባ እንሰት ለመትከል ማንን ይጠይቃል? ቆላው ለእንሰት እንደማይመች እናቴ ታውቃለች፤ «ውሃ አትንፈጊው» ብላኝ ሄደች።

እትዬ ዘነበች ሲያዩት ደስ አላቸው። «እሰይ! ሙዝ ተከልሽልኝ?»

«እንሰት ነው፣ እትዬ።»

«ያው ነው፣ የሙዝ ዘመድ ነው» አሉ። ከዚያ በላይ ለማስረዳት አማርኛዬ አልደረሰም። ጠዋት ጠዋት በመቁጠሪያቸው እየጸለዩ ያዩታል፤ ቅጠሉ ሰፋ፣ ግንዱ ወፈረ፣ ሙዝ የለም።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ባለ ሱቁ አቶ ጌታሁን ጓሮ ገብቶ አያቸው። ቀልደኛ ሰው ነው።

«ምን ይጠብቃሉ፣ እትዬ?»

«ሙዙን ነዋ! ምን ነክቶት ነው የማያፈራው?»

አቶ ጌታሁን ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይሄ'ኮ እንሰት ነው! ለዓመታት ነው የሚቆየው። ዶርዜ ደግሞ እንሰት ከተከለ አይነቃነቅም። ርስትዎን ተቀምተዋል፣ እትዬ! የቀረዎት የሳሎን ወንበር ነው።»

ለቀልድ ነው ያለው፤ እኔም ሰምቼ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ያ ሰሞን ብዙ ነገር ይወራ ነበር፤ መሬት ለተወላጅ ሊሰጥ ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ ሊባረር ነው ይባላል። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው፣ ዘመዶቻቸው ሩቅ ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጓሮውን በር መቆለፍ ያዙ።

በሳምንቱ መጥተው ደጃችን ላይ ቆሙ። ግቡ ብንላቸው አልገቡም።

«ቤቱን ልቀቁልኝ።»

አንጁሎ ከጉድጓዱ እግሩን አወጣ። «ምን አጠፋን፣ እትዬ?»

«ምንም። ለራሴ ፈልጌው ነው።»

«በእንሰቱ ከሆነ አሁኑኑ እነቅለዋለሁ» አልኳቸው። እንባዬ መጥቷል፣ ሆዴ ገፍቷል።

«እሱንስ ነቀልሽው፤ ሐሳብሽን ትነቅይልኛለሽ?»

ምን ሐሳብ ነበረኝ? መውለድ ነበር ሐሳቤ። ጉድጓድ ያላት ሌላ ክፍል እስክናገኝ ለምነናቸው ነበር፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ አሉ።

አላገኘንም። በመጨረሻው ቀን ግማሽ የደረሰ ጋቢ ከነድሩ ተወጥሮ ነበር። አንጁሎ ብዙ አየው። ከዚያ ቢላ አንስቶ ቆረጠው። ያቺን ግማሽ ጋቢ ነው ኋላ ልጄን የጠቀለልኩባት። ጉድጓዱን አፈር ሞላበትና በእግሩ ረገጠው፤ ሲረግጠው ሲረግጠው፣ ወለሉ ከተስተካከለም በኋላ ሲረግጠው ነበር። እትዬ ዘነበችም አለቀሱ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ነው። እያለቀሱ ቁልፉን ተቀበሉን።

እኔ እንሰቱን ከነሥሩ ነቅዬ ተሸከምኩ። አንጁሎ «ተዪው» ቢለኝ እምቢ አልኩ። ቁልቁል ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ፣ ስንወርድ የአባያ ሐይቅ ከሩቅ ቀይ ሆኖ ይታየን ነበር፤ ክረምት ሲሆን እንዲያ ነው፣ ጭቃ የጠጣ ይመስላል። ሲቀላ ያገኘነው ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው። የሽመናውን እንጨት ጣሪያው ሥር አሰርነው። አንጁሎ ሙዝ መኪና ላይ የሚጭን ሆነ፤ ማታ ሲመጣ ያ መወርወሪያ የለመደ ጣቱ አብጦ እንጀራ መቁረስ ይቸግረው ነበር።

ከዚያም ወጣን። ከሌላውም ወጣን። አንዱ ልጃቸው ሊያገባ ነው፣ አንዱ ቤቱን ሊሸጥ ነው። በየሄድንበት እንሰቱን እያስፈቀድኩ ተከልኩት። እናቴ ስታስተምረኝ፣ እንሰት ትንሽ እያለ ቦታ ካልቀየሩለት አይወፍርም፤ ይነቀላል፣ ይተከላል፣ እንደገና ይነቀላል፣ እንዲያ ነው የሚፋፋው ትለኝ ነበር። እውነት ነው፣ የደጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ዕቃ በተሸከምን ቁጥር ለአንጁሎ ይህንኑ እነግረው ነበር። «አይዞህ፣ እንሰትም ተነቅሎ ነው የሚወፍረው» እለዋለሁ።

አንድ ቀን ፍራሹን ከትከሻው አውርዶ መንገድ ላይ ቆመ። አልተቆጣም፣ ድምፁንም አላነሳም።

«አማረች» አለኝ፣ «እኔ'ኮ እንሰት አይደለሁም።»

ከዚያ ወዲያ ብዬው አላውቅም። እንሰቱንም አንዱ ባለቤት ሽንት ቤት ሊቆፍርበት ቆረጠው፤ እኛም እዚያ አልቆየንም። አንጁሎ ዳግመኛ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሳያወርድ ሞተ። የሽመናው እንጨት ለማገዶ ሄደ፤ ማን እንዳነደደው እንጃ።

ይህን ሁሉ ነው ያ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት። የግቢው ባለቤት ወጣቷ ውሃ አመጣችልኝ፣ እግዜር ይስጣት። «ያማረ ነው አይደል?» አለችኝ በርሜሉን እያሳየችኝ።

«ያማረ ነው ልጄ» አልኳት። «ግን ሥሩ ጠቦታል። መሬት አውርጂው።»

«ውይ፣ መሬቱንማ ኮንክሪት ልናደርገው ነው።»

ከበሩ ወጣን። ደላላው ሌላ ቦታ ሊደውል ራቅ አለ። ምሕረት ግድግዳው ጥላ ሥር ቆመች፤ ፊቷ ላይ ያለው ላብ ይሁን እንባ አልለየሁም። «አያቴ፣ እስኪ አንድ ነገር በዪኝ» አለች። «አይዞሽ በዪኝ።»

የእናቴ ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ሕፃኗን ከጀርባዋ ተቀብዬ አዘልኳትና ደላላውን ተከትለን ወደሚቀጥለው በር ሄድን።