የተዘለለው ቦይ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው ቀጥ ብሎ መቆም ነበር። ቀያሹ መሣሪያውን ተክሎ ከሩቅ ያነባል፤ እሱ የመለኪያውን ዘንግ ይዞ ከነጥብ ወደ ነጥብ እየሄደ ይቆምለታል። ሰውነቱም ረጅምና ቀጭን ስለሆነ «ዘንጉ» አሉት፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ጉልበቱ እምቢ አለ።

መሥሪያ ቤቱ ለሦስት ወር ሙከራ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠው። ከቻለ ይቀጥላል። ካልቻለ ጡረታው እስኪደርስ እቃ ግምጃ ቤት ምስማር ሲቆጥር ይውላል።

ሶፍትዌሩን የተማረው በሁለት ጣቱ ነው። ነገሩ ሲገባው ግን አልከበደውም። መስክ ላይ የተለኩትን ነጥቦች ታስገባለህ፤ ማሽኑ መሬቱን እንደ ሒሳብ ደብተር በካሬ ይከፋፍልና ለእያንዳንዱ ጥግ በአቅራቢያው ካሉት ነጥቦች ገምቶ ከፍታ ይሰጠዋል። ያ ፍርግርግ የመሬቱ ምስል ነው። ሕንፃውም ቱቦውም የሚነደፈው በሱ ላይ ነው።

መፈተኛው የአዲስ ትምህርት ቤት ግቢ ሆነ። ሌላ ቡድን ለክቶ ያመጣውን ነጥብ አስገብቶ ሞዴሉን ሠራ። ረቡዕ ጠዋት ኃላፊዋ መጣች፤ ሳትስቅ የምትቀልድ መሐንዲስ ናት። ራሷ ግቢው ድረስ ሄዳ ሃያ ነጥብ ለክታለች። አሥራ ሰባቱ ከሞዴሉ ጋር ገጠሙ። ሦስቱ ግን ከሞዴሉ በአንድ ሜትር ከአርባ ሴንቲ ዝቅ አሉ።

«የሚፈቀደው ስሕተት አሥር ሴንቲ ሜትር ነው» አለች። «በእርስዎ ሞዴል ግን እኔ ሦስት ጊዜ ከመሬት በታች ቆሜያለሁ። ገና አልሞትኩም።»

«የት ቆመው ነው ኢንጂነር?»

«እሱንማ እርስዎ ነዎት የሚነግሩኝ። እስከ አርብ ስድስት ሰዓት።»

ከጎኑ የሚሠራው ነዳፊ ወንበሩን አዞረ። ሥራ ቶሎ ስለሚጨርስ «ጥይቱ» ይሉታል።

«ጋሼ፣ ይኼ ምን ያስጨንቃል? ካሬውን ከአሥር ሜትር ወደ አንድ ሜትር ያሳንሱት። ያኔ ሁሉም ይታያል።»

አሳነሰው። ማሽኑ ሲያጓራ ቆይቶ አዲስ ምስል አወጣ። ሜዳው ያው ሜዳ ነው፤ ለስላሳነቱ ብቻ ጨመረ።

«በቃ፣ እሷ ናት የተሳሳተችው» አለ ጥይቱ።

«ሂድና ንገራታ።»

«እኔ? ልጆች አሉኝ ጋሼ።»

ዘንጉ ምሳ አልወጣም። የማሽኑን ምስል አጠፋና ነጥቦቹን ብቻ አስቀርቶ በረድፍ በረድፍ ርቀታቸውን ለካ። አምስት ሜትር፣ አምስት፣ አምስት፣ ድንገት ሰባት። በሚቀጥለው ረድፍም አንድ ቦታ ላይ ሰባት። በሦስተኛውም። ሰባቶቹን በጣቱ ሲያያይዛቸው ግቢውን ከጥግ እስከ ጥግ የሚያቋርጥ መስመር ሆኑ። ብቻውን ሳቀ።

«ምን ተገኘ?» አለ ጥይቱ አፉን እየጠረገ ሲመለስ።

«ዘሎታል!»

«ማን? ምኑን?»

«ዘንግ ያዡ። እዚህ ጋ ቦይ አለ። እርምጃውን እየቆጠረ መጣ፣ ጭቃውን አየ፣ ዘለለ፣ ከማዶ መቁጠሩን ቀጠለ። ዝላይ እርምጃ ሆኖ አይቆጠርም። ቀያሹ ከሩቅ የሚያየው ዘንጉን እንጂ ጫማውን አይደለም። ማሽኑም ከዳር እስከ ዳር ሞላው።»

«በምን አወቁ?»

«በምን? ሃያ ሁለት ዓመት የዘለልኩት እኔ ነኛ!»

ሐሙስ ሁለቱ ግቢው ሄዱ። ሣር የሸፈነው ቦይ ልክ ዘንጉ ባለው ቦታ ተጋድሟል። ጥይቱ መሣሪያውን ተከለ፤ ዘንጉ በመቀመጫው ተንሸራቶ ወረደ።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎ!»

«ጉልበቴን ተውና አንብብ!»

ሁለቱን አፋፍና ወለሉን በየሦስት ሜትሩ ለካ። ማታ ሚስቱ ጭቃ የለበሰ ሱሪውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ «ቢሮ ገባሁ ብለኸኝ አልነበር?» አለችው።

አርብ ጠዋት ነጥቦቹን አስገባ። ማሽኑ በነጥቦቹ መሐል ያለውን እየሞላ ቦዩን እንደ እንቁላል መያዣ ካርቶን አጎድጉዶ አወጣው። ዘንጉ አልደነገጠም። ነጥቦቹን አያይዞ ሦስት መስመር አደረጋቸው፤ ሁለቱ አፋፉ፣ አንዱ ወለሉ። መሬቱ እዚህ ይሰበራል፣ ከመስመሩ አልፈህ አትገምት ብሎ ማሽኑን አዘዘው። ቦዩ ከጥግ እስከ ጥግ ተከፈተ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ኃላፊዋ ከዚህ በፊት ያላሳየችው ሌላ ሃያ ነጥብ ይዛ መጣች። ስምንቱ ቦዩ ውስጥ ናቸው። አንድ በአንድ አስገባች። ሦስት ሴንቲ። ሁለት። አራት። ትልቁ ስሕተት ስድስት ሴንቲ ሜትር ሆነ።

ጥይቱ ጠረጴዛውን መታ። «ሃያ ለዜሮ!»

ኃላፊዋ የሕንፃውን ንድፍ ሞዴሉ ላይ ደረበችው። የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች መማሪያ ቦዩ መሐል ቁጭ ብሏል።

«ይኼ ይነሳል» አለች። «እርስዎ አይነሱም። ከሰኞ ጀምሮ ከመስክ የሚመጣ ነጥብ ሁሉ መጀመሪያ በእርስዎ እጅ ያልፋል። የሚፈልጉት ነገር አለ?»

ዘንጉ ቆመ፤ ያው ቀጥ ብሎ።

«ለዘንግ ያዦቹ የላስቲክ ቦት ይገዛላቸው» አለ። «ያኔ አይዘሉም።»

ወረቀቱን ስባ ጻፈችው። የጫማ ቁጥራቸውን ማን እንደሚያውቅ ስትጠይቅ፣ የስምንቱንም ዘንግ ያዦች ቁጥር በቃሉ ነገራት።