ቁስል የሌለው እብጠት

ልጄን ሳደንቅ ሰው ሁሉ "አባት አይደለ፣ ምን ይበል!" ይለኛል። ይበሉኝ! ዛሬ በሁለት እግሬ የቆምኩት በእሷ ነው፤ አደንቃታለሁ።

ከአንኮበር ዝቅ ብሎ ባለው ቤቴ፣ ክረምቱ ያላላውን የበጎች ጋጣ ካብ ስጠግን ድንጋዩ ተንዶ ቅልጥሜ ላይ አረፈ። ዕድሜዬን ሙሉ ሹፌር ሆኜ የአንኮበርን ቁልቁለት በአይሱዙ ስወርድ ምንም ሳልሆን፣ ጡረታ ወጥቼ በራፌ ላይ ተያዝኩ። ቆዳዬ አልተላጠም፣ ደም ጠብ አላለም። እግሬ ግን ወዲያው ይነፋ፣ ይግል ጀመር።

ታላቅ ወንድሜ ወጌሻ ነው። በእኛ አገር የተሰበረ ሁሉ የሚሄደው እሱ ጋ ነው፤ እጁ የተመሰገነ ነው። መጥቶ ዳበሰኝና አጥንቱ ተሰንጥቋል አለ። ሸምበቆ ደርድሮ ጥብቅ አድርጎ ጠመጠመኝ። "ጠበቅ ካላለ እብጠቱ አይበርድም" አለኝ። እኔም አመንኩት። ወንድሜ ነዋ!

በማግስቱ እግሬ ሸምበቆው ውስጥ ሊፈነዳ የደረሰ መሰለኝ። ጮህኩ፣ ተሳደብኩ፣ ምንም ያላደረጉኝን በጎች ሳይቀር ረገምኩ። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ "ወንድ አይደለህም እንዴ? ቻለው እንጂ!" ይለኛል። በዚህ መሀል ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ የምትማረው ልጄ ልትጠይቀኝ ደረሰች። ሳመችኝና እግሬ ሥር ቁጭ አለች።

"አባዬ፣ ስነካህ ይሰማሃል?"

"መቼ ነካሽኝ?" አልኳት። ለካ የእግሬን ጣቶች ይዛ ነበር።

ፊቷ ተለዋወጠ። ወደ ወንድሜ ዞራ፣ "ጋሼ፣ ይሄ አሁኑኑ መፈታት አለበት" አለችው።

ወንድሜ ሳቀ። "አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው አጥንት የምጠግነው።" ቀጥሎ ሳቁ ጠፋ። "ቁስል የለው፣ መግል የለው፣ ምን ሆነና? ብርድ ገብቶበት ነው ያበጠው። ሲታሰር ይለቀዋል።"

እኔ ብሆን በእጄ ያለውን ወርውሬ ነበር። እሷ ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። "ጋሼ፣ ጀርም ባይገባም ያብጣል። ድንጋዩ ሥጋውን ውስጥ ለውስጥ ጨፍልቆታል። ሥጋችን የተሠራባቸው ሴሎች ሲፈነዱ፣ ውስጣቸው ያለው ፕሮቲን ወደ ውጭ ይፈስሳል።"

"ፕሮቲን እንቁላል ውስጥ ያለው አይደለም እንዴ?" አልኩ፣ በዚያ ሁሉ ሥቃይ። አመሌ አይለቀኝም።

"እሱም ነው አባዬ፤ ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። አንዱ ፕሮቲን ሥራው የሴሉ እምብርት ውስጥ ነው፤ ዲኤንኤ የሚባለውን የዘር ክር ደግፎ ይይዛል። ወደ ደጅ የሚወጣበት ጉዳይ የለውም። ደጅ ከተገኘ ሴሉ ፈርሷል ማለት ነው። በአካባቢው የሚጠብቁ ሴሎች እሱን ሲያገኙ ሌሎቹን ይጠራሉ። የደም ሥሩ ሰፍቶ ውሃ ያሳልፋል፤ የሚጠርጉትና የሚጠግኑት ከደሙ እየወጡ ይመጣሉ። ሙቀቱም እብጠቱም ከዚያ ነው።"

"የጎረቤቱ ምሰሶ ደጅ ወድቆ ያየ ሰው እሪ እንደሚለው?"

"በቃ፣ እሱ ነው!"

ወይ ጉድ! ይህን ያህል ዘመን ይዤው ስዞር የኖርኩት ገላ ይህን ሁሉ ያውቃል? እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ስሳደብ፣ ውስጤ ያለው ሁሉ ማንም ሳያዘው ሊያግዘኝ እየሮጠ ነበር። ሕመሙ ባይለቀኝም ተደነቅኩ፤ እውነቴን ነው። እንዲህ አድርጋ የምታስረዳ ልጅ መውለዴም ገረመኝ።

ወንድሜ ግን መደነቄን አልወደደውም። "ለርዳታ ከመጡማ፣ የእኔ ማሰር ምን ከለከላቸው?" አላት።

"ውሃ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ጋሼ። እግሩ ማበጥ አለበት። ሸምበቆው ቦታ ሲከለክለው ግፊቱ ወደ ውስጥ ይዞርና ደም ሥሩን ይዘጋዋል። ያን ጊዜ ድንጋዩ ያልነካው ሥጋ ጭምር ይሞታል። እግሩ ይቆረጣል።"

ሊጠይቁኝ የመጡ ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ወንድሜ እጁን ሰድዶ ጣቶቼን ያዘ፤ ይዞም ቆየ። ቅልጥሜ እንደዚያ እየጋለ ጣቶቼ በረዶ ሆነው ነበር። ከኪሱ ሰንጢውን አወጣና፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ የራሱን እስር በራሱ እጅ በጠሰው። በዕድሜዬ ከዚያ የበለጠ ወንድነት አላየሁም።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሐኪሙ "ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ" ብሎ ቀሪውን ተወው። ጄሶውን በአንድ ጎኑ ክፍት አድርጎ ሠራልኝ፤ እብጠቱ እስኪበርድ ቦታ ይኑረው ብሎ ነው። ጣቶቼ ሞቀው ትንሿን ሳንቀሳቅሳት ልጄ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የኔ አንበሳ! እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወንድሜ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። እኔን እንዴት አደርክ ብሎ ሳይጨርስ ወደ እሷ ዞረ። "እስቲ ያን ነገር ድገሚልኝ፣ ልጄ።" ደገመችለት። ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንዲት ቃል ሳያቋርጣት ሰማ።

"መዘዞ የሚኖር አንድ ገበሬ ነበር" አለ ከዚያ። "በሬ ረግጦት እግሩን አሰርኩለት። ሲጮህ ጭራሽ አጠበቅኩለት። ኋላ እግሩ ጠቁሮ ተቆረጠ። እግዜር ያመጣው ነው ተባለ፤ እኔም እንደዚያው ብዬ ተውኩት።" ብርቱካኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። "የእኔ እስር ነው?"

ልጄ ወደ እኔ አየች።

"አላውቅም ጋሼ" አለችው ቀስ ብላ። "እኔ እዚያ አልነበርኩም።"

"እኔ ነበርኩ" አለ ወንድሜ።